ጀልባው ሐይቅ ከመውረዱ በፊት፦ የሬዲዮና የአንቴና ፍተሻ ከሀ እስከ ፐ

ገላን ጀልባ ሲሠራ ያየ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል። ባህር የለ፣ ሐይቅ የለ። እኛ ግቢ ግን ላሜራው ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ አይሱዙ ላይ ተጭኖ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ አድርጎ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ይወርዳል። የኔ ድርሻ የመጨረሻዋ ናት። ሬዲዮውን መግጠም፣ አንቴናውን ማቆም፣ ገመዱን መዘርጋት፣ ከዚያ መፈተሽ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፍተሻው ነው። ብዙ ሰው ሬዲዮው ከበራና ሽሽሽ ካለ «ይሠራል» ብሎ ይተወዋል። ሬዲዮ የሚፈለገው ግን ሞተሩ ሐይቁ መሀል ሲጠፋ፣ ነፋሱ ሲነሳ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ነው። ያኔ ቴስተር አውጥቶ ችግር የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ችግሩ እዚህ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ መሣሪያ ባለበት መገኘት አለበት።

ከሁሉ በፊት ያስተማረኝን ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሰው ያገለገለ ጀልባቸውን ለዕድሳት አመጡ። ሬዲዮው ሩቅ አይደርስም አሉኝ። ሬዲዮው ኋላ ላይ ሜትር ሰካሁና ኤስደብሊውአሩን ለካሁ። ይሄ ቁጥር ከላክነው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚናገር ነው። 1 ከሆነ ምንም አይመለስም፣ ከፍ ባለ ቁጥር ይብሳል። 1.3 አሳየኝ። በጣም ጥሩ ቁጥር ነው። «ጋሼ፣ አንቴናውም ገመዱም ደህና ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት ደወሉ። «ልጄ፣ አሁንም ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ስል ማንም አይሰማኝም» አሉኝ።

ጀልባው ተመልሶ ሲመጣ ገመዱን አንቴናው ሥር ቆረጥኩት። ውስጡ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው መዳብ ጥቁር ሆኗል። በጣቴ ሳሸው ጥላሸት የነካሁ መሰለኝ። ላስቲኩን ጫን ሳደርገው ከጫፉ አንዲት የውሃ ጠብታ ወጣች። ያ ገመድ ኃይሉን እየበላው ነበር። ወደ አንቴናው ሲሄድ ይበላል፣ ከአንቴናው የተመለሰውንም መንገድ ላይ ይበላዋል። ሬዲዮው ጋ የተቀመጠው ሜትር የሚመለስ ነገር ስላላየ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል።

በቁጥር እንየው። ገመዱ 6 ዲሲቤል ይበላል እንበል። ዲሲቤል የኪሳራ መለኪያ ነው፣ በየ3 ዲሲቤሉ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። 25 ዋት ላካችሁ፣ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 6 ዋት ገደማ ነው። አንቴናው ራሱ ተበላሽቶ ኤስደብሊውአሩ 3 ቢሆን ከዚያችው ላይ ሩቡ ይመለሳል። ወደ አየር የሚወጣው 5 ዋት እንኳን አይሞላም። የተመለሰችው ደግሞ በገመዱ ውስጥ እንደገና ተበልታ ሬዲዮው ጋ ስትደርስ ሜትሩ 1.3 ያነባል። በሁለት ብልሽት ውስጥ የተቀመጠ ጀልባ፣ ቆንጆ ቁጥር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፦ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ካልፈተሽኩ ደህና ነው አልልም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ተራ ቴስተር። 50 ኦም የሆነ ደሚ ሎድ፤ ይሄ የአንቴናውን ቦታ ተክቶ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው። ዋትና ኤስደብሊውአር የሚለካ ሜትር። ናኖ ቪኤንኤ የምትባለዋ ትንሽ የገመድና የአንቴና መለኪያ። አንድ የእጅ ማሪን (የጀልባና የመርከብ) ሬዲዮ፣ አጫጭር ጥሩ ገመዶችና መቀያየሪያ ኮኔክተሮች።

ሜትር ስትገዙ የሚለካውን ፍሪኩዌንሲ አንብቡ። የማሪን ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ከ156 እስከ 162 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚሠራው። ገበያ ላይ የምታገኙት ርካሽ ሜትር ብዙ ጊዜ ለ27 ሜጋኸርዝ የተሠራ ነው። መርፌው ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ቁጥሩ ግን ለናንተ ሥራ አይሆንም። ደሚ ሎድ ካጣችሁ 20 ፍሬ ባለ 1 ኪሎ ኦም፣ ባለ 2 ዋት ሬዚስተር ጎን ለጎን አያይዙ። 50 ኦም ይመጣል፣ 40 ዋትም ይችላል። እግራቸውን አሳጥሩት። ሽቦ የተጠመጠመበት ዓይነት ሬዚስተር ግን አይሆንም፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ እንደ ጥቅል ሽቦ ይሆናል።

ስለ ፈቃድ

ይሄን ሳትዘሉ አንብቡልኝ። ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሬዲዮ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ገላን ላይ ሆናችሁ በአንቴና ብትልኩ መርከብ አይሰማችሁም፣ በዚያው ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ሌላ ሰው ግን ልትረብሹ ትችላላችሁ። ስለዚህ መሬት ላይ ያለው ፍተሻ በሙሉ ወይ በደሚ ሎድ ነው፣ ወይ በናኖ ቪኤንኤ። ናኖዋ የምትልከው ኃይል እዚህ ግባ የማይባል ነው። በአንቴና መላክ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ፈቃድ ያለው ጀልባ ውሃ ላይ ሲወርድ ነው።

ደግሞ ቻናል 16 ላይ ሙከራ የለም። 156.8 ሜጋኸርዝ ነው፣ የጭንቀት ጥሪ የሚሰማበት ነው። ቻናል 70ም ለዲጂታል ጥሪ ብቻ ነው፣ አይወራበትም።

አንድ፦ መብራቱ

ከባትሪው ጀምሩ። ሬዲዮው 25 ዋት ሲልክ 5 ወይም 6 አምፔር ይስባል። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ግን ትንሽ ነው የሚፈልገው። ለዚህ ነው ቀጭን ሽቦ ያለው ጀልባ ላይ ሬዲዮው በደንብ እያዳመጠ፣ ለመናገር ስትጫኑት የሚጠፋው።

ደሚ ሎዱን ሬዲዮው ኋላ ላይ ሰኩ። የቴስተሩን እግሮች ሬዲዮው ጋ ባለው የመብራት መግቢያ ላይ አድርጉ። ባትሪው ላይ አይደለም፣ ሬዲዮው ጋ ነው። የመናገሪያውን ቁልፍ ጫኑና ተመልከቱ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት የነበረው 12.3 ከሆነ ጥሩ ነው። 11.5 ከወረደ መንገድ ላይ የሚበላው ነገር አለ። የፊውዙን መያዣ ፍቱ፣ ኔጌቲቩ የታሰረበትን ብሎን እዩ። ብዙ ጊዜ አገኘሁት የምለው እዚያ ነው፦ ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ የታሰረ ኔጌቲቭ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ እሰሩት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ማምጣት ነው።

ሁለት፦ ሬዲዮው ብቻውን

አሁንም ደሚ ሎድ ላይ ናችሁ። በሬዲዮውና በደሚ ሎዱ መሀል ሜትሩን አስገቡ። አንድ የሥራ ቻናል ምረጡ፣ 72 ለምሳሌ። መጀመሪያ በዝቅተኛው ላኩ፣ 1 ዋት አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዚያ በከፍተኛው፣ 25። 22 ወይም 23 ቢል አትደንግጡ፣ ርካሽ ሜትሮች ልዩነት አላቸው። 12 ካለ ግን መብራቱን ዳግም እዩ፣ መብራቱ ደህና ከሆነ ሬዲዮው መከፈት አለበት።

ከ10 ሰከንድ በላይ አትጫኑ። ደሚ ሎዱ ይግላል፣ በእጅ አትንኩት። የቻናሉን ጫፍና ጫፍም ሞክሩ፤ ቻናል 1 ላይና ቻናል 88 ላይ ኃይሉ በጣም ከተለያየ ማወቅ ጥሩ ነው።

ድምፁንም እዚሁ ፈትሹ። የእጅ ሬዲዮውን ለረዳታችሁ ስጡትና ግቢው በር ድረስ ይሂድ። ደሚ ሎድ ላይ ብትሆኑም ትንሽ የምታፈስ ነገር አለች፣ በቅርብ ትሰማለች። ማይኩን ከአፋችሁ ሦስት አራት ጣት አርቃችሁ ተናገሩ። ረዳቴ አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ እንደ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትሰማው» ብሎኝ ማይኩን ስከፍተው ቀዳዳዋ በሚበየድ ብረት ብናኝ ተደፍና አገኘኋት። ሜትር ይሄን አይነግራችሁም። ጆሮ ነው የሚነግራችሁ።

ሦስት፦ ገመዱ

እዚህ ጊዜ ስጡት። ከመቶ ችግር ሰባው ሰማንያው ገመድና ኮኔክተር ነው ብዬ አልቆጥርም፣ ግን እኔ ዘንድ የሚመጣ ጀልባ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

በዓይንና በእጅ ጀምሩ። ከሬዲዮው እስከ አንቴናው በጣታችሁ ተከትላችሁ ሂዱ። የተጨፈለቀ ቦታ፣ በጠባቡ የታጠፈ ቦታ፣ በር የሚዘጋበት ቦታ። ኮኔክተሮቹን ፍቱ። ፒኤል 259 የሚባለው ክብ ኮኔክተር በራሱ ውሃ የማይገባው አይደለም። ውስጡ አረንጓዴ ካያችሁ አጽድቼ እመልሰዋለሁ አትበሉ፣ ቆርጣችሁ አዲስ አድርጉ። ገመዱንም አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ቁረጡትና መዳቡ እንደሚያበራ አረጋግጡ። ጥቁር ከሆነ ደግሞ አንድ ስንዝር። አሁንም ጥቁር ከሆነ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ቀይሩት።

ቀጥሎ ቴስተር። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉ። በመሀለኛው ሽቦና በሹሩባው መካከል ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ከዚያ አንዱን ጫፍ በአጭር ሽቦ አገናኙትና በሌላኛው ለኩ፣ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። እያነበባችሁ ገመዱን ወዝውዙት። ቁጥሩ ከዘለለ የተበጠሰ ሶልደር አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንቴናው እንደተሰካ ብትለኩና ቴስተሩ ጢጥ ቢል ሾርት ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ብዙ የጀልባ አንቴናዎች በሥሪታቸው ለቴስተር ሾርት ሆነው ነው የሚታዩት፣ ለሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ግን 50 ኦም ናቸው። ደህና አንቴና በዚህ ምክንያት ሲጣል አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ዋናው። ቴስተር ገመዱ መገናኘቱን ይነግራችኋል፣ ስንት እንደሚበላ ግን አይነግራችሁም። ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በዋት ነው። ደሚ ሎዱን አንቴናው ጋ ባለው የገመድ ጫፍ ላይ ሰኩ። ሜትሩን መጀመሪያ ሬዲዮው ጋ አድርጋችሁ ለኩ፣ ቀጥሎ ሜትሩን ብቻ አንሥታችሁ ደሚ ሎዱ ጋ አድርጋችሁ ለኩ። ልዩነቱ ገመዱ የበላው ነው። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭኑ ገመድ ጥሩ ሆኖ እንኳን በ10 ሜትር 2 ዲሲቤል ገደማ ይበላል፣ ማለትም 25 ዋት ገብቶ 16 ይወጣል። ወፍራሙ አርጂ 213 በዚያው ርዝመት 20 ዋት ያህል ያደርሳል። ለትንሽ ጀልባ 4 ሜትር ገመድ ቀጭኑ ይበቃል። ምሰሶ ካለው ወፍራሙን ግዙ፣ ብሩ አይቆጫችሁ።

ሁለተኛው መንገድ በናኖዋ ነው፣ እኔ የምወደው ይሄን ነው። መጀመሪያ ናኖዋን አስተካክሏት፦ ከ155 እስከ 163 ሜጋኸርዝ አድርጋችሁ፣ አብረዋት በሚመጡት ሦስት ትናንሽ ጫፎች፣ ክፍት፣ ሾርትና 50 ኦም፣ በተራ። ከዚያ የገመዱን ሩቅ ጫፍ ክፍት ተዉት፣ ምንም አትሰኩበት። የላካችሁት ሁሉ ጫፉ ጋ ደርሶ ተጋጭቶ ይመለሳል። ናኖዋ የመመለሻ ኪሳራውን በዲሲቤል ታሳያችኋለች። ለሁለት አካፍሉት፣ አንድ መንገድ የሚበላው ያ ነው። 4 ካለች ገመዱ 2 ይበላል። 6 ካለች 3 ይበላል፣ ግማሹ ኃይል ጠፋ ማለት ነው። ያገለገለ ጀልባ ባመጡት ጋሼ ገመድ ላይ ይሄን ቀድሜ ባደርግ ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ናኖዋ እንደተሰካች ሬዲዮው እንዳይላክባት በጣም ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ከላካችሁባት አለቀላት። እኔ ናኖዋን ከመሰካቴ በፊት የሬዲዮውን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

አራት፦ አንቴናው

ጀልባውን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አውጡት። በቆርቆሮና በተደረደረ ላሜራ መሀል የተለካ አንቴና የሚሰጣችሁ ቁጥር የግቢያችሁ ቁጥር ነው። ማውጣት ካልተቻለ አንቴናውን ንቀሉና በረጅም ደረቅ ባህር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ አስራችሁ ሜዳ ላይ አቁሙት። በዚህ ፍሪኩዌንሲ የማዕበሉ ርዝመት 1.9 ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ በሁለት ሜትር ዙሪያው ብረትም ሰውም አይኑር።

ናኖዋን በተቻለ መጠን አንቴናው ሥር፣ በአጭር ገመድ አገናኙ። ኤስደብሊውአሩን 156 ላይ፣ 157 ላይ፣ 162 ላይ ጻፉ። ከ1.5 በታች በጣም ጥሩ። እስከ 2 ድረስ ይሠራል፣ 2 ላይ የሚመለሰው ከመቶ 11 ብቻ ነው። 3 ከሆነ አንቴናው ወይም መሠረቱ ችግር አለበት። የመስመሩን ቅርጽም እዩ። ጤነኛ አንቴና አንድ ቦታ ላይ ሸለቆ ይሠራል፣ ዝቅ ብሎ ይነሳል። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ዝርግ ሆኖ 1.2 ላይ ከተኛ አትደሰቱ፣ ጠርጥሩ። ደሚ ሎድም እንደዚያ ነው የሚያሳየው፣ ደሚ ሎድ ደግሞ ለማንም አይደርስም።

ከዚያ አንቴናውን ጀልባው ላይ ቦታው መልሳችሁ ዳግም ለኩ። ቁጥሩ በጣም ከተለወጠ ቦታው ነው ችግሩ። የብረት መከለያ አጠገቡ ይሆናል፣ ወይም ሁለት አንቴና ተጠጋግተዋል።

በመጨረሻ ውሃ አፍሱበት። አዎ፣ ጆክ ሙሉ ውሃ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ኮኔክተሩ ላይ ጭምር። ሩብ ሰዓት ጠብቁና ለኩ። ጀልባ ነው፣ ደረቅ ሆኖ የሚኖር ዕቃ አይደለም። ደረቅ ሳለ 1.4 የነበረው እርጥብ ሲሆን 2.5 ከሆነ ውሃ የሚገባበት ቦታ እንዳለ ጠርጥሩ። ኮኔክተሩን ራሱን በራሱ በሚጣበቅ ጎማ ናስትሮ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉት፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው የታችኛውን ይደርብ።

አምስት፦ የሚረብሽ ድምፅ

ይሄ አጭር ነው። ስኩዌልቹን፣ ማለትም ሰው በማይናገርበት ጊዜ ሽሽታውን የሚዘጋውን ቁልፍ፣ ሙሉ በሙሉ ክፈቱትና ሽሽታውን አዳምጡ። ከዚያ ጀልባው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አብሩ፦ ሞተሩን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ኤልኢዲ መብራቱን፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ ኢንቨርተሩን። ሽሽታው የተቀየረበት ዕቃ ጥፋተኛ ነው። እኔ ዘንድ ርካሽ ኤልኢዲና ቻርጀር ናቸው የሚበዙት። ሲፈተሽ ግን ጎረቤት የሚበይድ ሰው እንዳይኖር፣ ከከፍተኛ ኃይል መስመርም ራቁ፣ አለዚያ የሰፈሩን ጩኸት ጀልባው ላይ ትለጥፋላችሁ። እሑድ ጠዋት ጥሩ ሰዓት ነው።

ስድስት፦ ውሃ ላይ

እዚህ ላይ ነው በአንቴና የሚላከው፣ ፈቃዱ እንዳለ ሆኖ። ከመውረዳችሁ በፊት ስንት ኪሎ ሜትር መጠበቅ እንዳለባችሁ አስሉ። ቪኤችኤፍ የሚሄደው በእይታ መስመር ነው። የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ የእያንዳንዱን ስኩዌር ሩት አውጡ፣ ደምሩ፣ በ4.1 አባዙ። ሁለቱም ጀልባ 4 ሜትር ላይ ከሆነ 2 ሲደመር 2፣ በ4.1፣ ወደ 16 ኪሎ ሜትር። ዳር ላይ ያለው አንቴና 25 ሜትር ምሰሶ ላይ ከሆነ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣና በሰፊው ቦታ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ መሀል ላይ ሆኖ ዳር ያለው አለመስማቱ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ዋት በመጨመር አይፈታም፣ ከፍታ በመጨመር ነው።

ለኛ ቅርቡ ቢሾፍቱ ነው። ሆራም ባቦጋያም ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ሐይቆች ናቸው፣ ዙሪያቸው ገደል ነው። ሐይቁ ላይ ካለ ጀልባ ወደ ጀልባ ለመሞከር ይሆናሉ። «ከተማ ውስጥ አልተሰማም» ብላችሁ ግን አትፍረዱ፣ ግድግዳው ነው ያስቀረው።

በዝቅተኛው፣ በ1 ዋት ጀምሩ። በ25 ዋት ቅርብ ለቅርብ የተበላሸ አንቴናም ይሰማል፣ 1 ዋት ግን ድክመትን ያጋልጣል። ከአንድ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ሌላኛው ስንት እንደሰማ ይንገራችሁ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ጀልባውን ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር አዙሩ፣ እየቆጠራችሁ። በአንድ አቅጣጫ ድምፁ ከሞተ ጋቢናው ወይም ምሰሶው እየከለለ ነው። በመጨረሻ ከእጅ ሬዲዮው ጋር አወዳድሩ። 5 ዋት ያለው የእጅ ሬዲዮ ከዋናው እኩል ከሰማና ከተሰማ ዋናው ላይ ያለፋችሁት ነገር አለ፣ ወደ ሦስተኛው ተመለሱ።

ዲጂታል ጥሪ ያለው ሬዲዮ ከሆነ ዘጠኝ አኃዝ ያለውን የጀልባውን መለያ ቁጥር ተጠንቅቃችሁ አስገቡ፣ ብዙ ሬዲዮዎች ላይ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይቀየርም። የኢትዮጵያ መነሻ 624 ነው። ሙከራው በፈተና ጥሪ ነው እንጂ የጭንቀት ጥሪ የሚልከውን ቀዩን ቁልፍ ከፍቶ በመጫን አይደለም።

ሁሉንም ጻፉ። እኔ በትንሽ ወረቀት ጽፌ፣ በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ እለጥፈዋለሁ። ቀን፣ ሲላክ የነበረው ቮልት፣ ሬዲዮው ጋ ያለው ዋት፣ ገመዱ ጫፍ የደረሰው ዋት፣ አንቴናው ሥር የተለካው ኤስደብሊውአር ደረቅና እርጥብ። ክረምት በወጣ ቁጥር ዳግም ይለካና ከሥሩ ይጻፋል። የጋሼ ጀልባ ላይ አዲስ ገመድና አዲስ አንቴና ከገባ በኋላ የጻፍኩት 12.4፣ 24፣ 21፣ 1.4፣ 1.5 ነበር። ከባቱ የደወሉልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ከደሴቶቹ ወዲያ ሆነው ዳር ካለው ልጃቸው ጋር አውርተዋል።